ዓይኔና የበርበሬ ወፍጯችን

ከአዲስ አበባ ቀዶ ሕክምናውን ጨርሼ ደብረ ብርሃን የገባሁ ቀን ወፍጯችን ቆሞ ነበር። ቀድሞኝ የተመለሰው ባለቤቴ ከማለዳ ጀምሮ አላስነሣውም። ደጃፉ ላይ ኬሻቸውን ደርድረው የሚጠብቁትን ሴቶች፣ "ዛሬ ባለቤቴ ዓይኗን አግኝታ ትመጣለች፤ ነገ ኑ" ብሎ ሊመልሳቸው ሞክሯል። አንዳንዶቹ ግን አልሄዱም። ከባጃጁ ስወርድ እልል ብለው ተቀበሉኝ። አንዷ ጣቶቿን ፊቴ ላይ ዘርግታ፣ "ስንት ነው?" አለችኝ።

"ሁለት ነው። ቀለበትሽም ጠቦሻል" አልኳት።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ያን ሰዓት ቀኝ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል እየቆረቆረኝ እንደነበር ለማንም አልተናገርኩም። መንገዱ ነው፣ ንፋሱ ነው፣ ነገ ይተወኛል ብዬ ነበር።

ወፍጮ ቤቱን የከፈትነው በተጋባን በሦስተኛው ዓመት ነው። ሁለት ወፍጮ አለን፤ አንዱ የእህል፣ አንዱ የበርበሬ። መኖሪያችን ከወፍጮ ቤቱ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ልጆቻችን ሕፃን ሆነው ሞተሩ እየጮኸ ጭጭ ብለው ይተኛሉ፤ ሞተሩ ሲቆም ነበር ደንግጠው የሚነቁት። ዛሬ ሁለቱም ትዳር ይዘው ሩቅ ናቸው። የእህል ወፍጮ በየሰፈሩ ስላለ በእህሉ ብዙ ሰው አያውቀንም። የምንታወቀው በበርበሬው ነው። ከአሊዩ አምባ በኩል ከቆላ የሚወጣውን በርበሬ ቀንጥሰው፣ ቅመሙን ደባልቀው የሚያመጡ ሴቶች፣ ባለቤቴ በጣቶቹ መሐል አሽቶ "አሁን ደቋል" ካላላቸው ዕቃቸውን አያነሡም።

እኔ ሚዛኑ ላይ ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት ገደማ በዚያ ብናኝ ውስጥ ስቀመጥ፣ እንግዳ ሰው ከደጅ ቆሞ ሲያስነጥስ እየሳቅሁበት ነው የኖርኩት።

ግላኮማ እንዳለብኝ የታወቀው የማንበቢያ መነጽር ልገዛ ሄጄ ነው። የዓይኔ ግፊት ከፍ ብሎ፣ ሳያመኝ፣ ሳያስታውቀኝ፣ እይታዬን ከዳር ከዳር እየበላው ኖሯል። ጠብታ ታዘዘልኝና ለዓመታት ጠዋትና ማታ ሳላቋርጥ አደረግሁ። ከዚያ የዓይን ሞራ ተጨመረበት። በቀኝ ዓይኔ የማየው ሁሉ ባልታጠበ መስታወት በኩል እንደሚታይ ሆነ። የሚዛኑን ቁጥር መሳሳት ስጀምር ባለቤቴ ቀስ ብሎ ከወንበሩ አስነሣኝ። አዲስ አበባ ያለችው ሐኪሟ፣ ልጅ እግር ናት፣ በደንብ ከመረመረችኝ በኋላ፣ "እናቴ፣ የቀኙ ግፊት በጠብታ አልታዘዝ ብሏል። ሞራውንም ግላኮማውንም በአንድ ጊዜ እንሥራው" አለችኝ። እሺ አልኳት። ምን ሌላ ልላት እችል ነበር?

ከቀዶ ሕክምናው በማግስቱ ፋሻው ሲፈታልኝ ባለቤቴ ከፊቴ ቆሞ ነበር። ግንባሩ ላይ ያለውን መስመር አንድ በአንድ አየሁት። ቅንድቡ ነጥቷል። መጀመሪያ ዱቄት መስሎኝ በእጄ ልጠርግለት ቃጣኝ።

"መቼ ነው እንዲህ ያረጀኸው?" አልኩት።

"ቀስ ብዬ ነው፤ አንቺ አላየሽም" አለኝ።

ደስታው ይኸው ነበር፤ አልዋሽም፣ ትልቅ ደስታ ነበር። ግን ከአንድ ሳምንት አላለፈም። ቤት በገባሁ በሦስተኛው ቀን አሸዋው እሳት ሆነ። ዓይኔን ስጨፍነው የላይኛው ቆብ ሥር የሆነ ነገር ይፍቀኛል፤ ስገልጠው አየሩ ራሱ ይልጠኛል። ጠዋት ጠዋት ቆቡ ከዓይኔ ጋር ተጣብቆ ስለሚያድር እሱን ማላቀቅ አንድ ሥራ ሆነብኝ። እንባዬ ቀኑን ሙሉ ይወርዳል። ልትጠይቀኝ የመጣች ጎረቤት ሁሉ፣ "ደግሞ ምን ያስለቅስሻል? ዓይንሽን አግኝተሽ!" ትለኛለች። አላለቀስኩም ብል የሚያምነኝ አላገኘሁም።

ቀጠሮዬ ሲደርስ ባለቤቴ ይዞኝ ሄደ። ሐኪሟ አገጬን መሣሪያው ላይ አሳርፌ እንድቀመጥ አደረገችኝ። ቀለም የተነከረ ቀጭን ወረቀት ዓይኔን አስነክታ በሰማያዊ መብራት ረጅም ሰዓት አየችኝ። ሌላ ወረቀት ደግሞ በታችኛው ቆብ ላይ አንጠልጥላ፣ እንባዬ ወረቀቱን ምን ያህል እንደሚያርሰው ጠበቀች።

"ግፊቱ በጣም ጥሩ ነው። የገባው ሌንስም ቦታውን ይዟል። ቀዶ ሕክምናው እንደፈለግነው ነው የሆነው" አለች።

"ታዲያ ይሄ አሸዋ ምንድን ነው?"

"አሸዋ የለም። የዓይንዎ ገጽ ደርቆ ተላልጧል፤ ቀለሙ ነጠብጣብ ሆኖ ያሳየኛል።"

"ደርቋል? ቀኑን ሙሉ እያለቀሰ?"

ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች። "የሚወርደው እንባ ሲቃጠል የሚመጣ ውሃ ነው። ዓይንን የሚያለሰልሰው እንባ ሌላ ነው፣ ስስ ነው። ለዓመታት ያደረጓቸው ጠብታዎች እንዳይበላሹ የሚጨመርባቸው ነገር አለ፤ እሱ ቀድሞም የዓይንዎን ገጽ ጎድቶት ነበር። አሁን ደግሞ እኛ ቀደድነው፣ ሰፋነው። ሞራውን ለማውጣት ስንገባ ስሜት የሚያመጡትን ቀጫጭን ነርቮች ቆርጠናል፤ እነሱ እስኪያገግሙ ዓይንዎ እንባ በደንብ አይጠራም። ከዓይንዎ ውስጥ ግፊት የሚፈጥረው ውሃ እንዲወጣ የከፈትንልዎት ቀዳዳም ከቆቡ ሥር ትንሽ እብጠት ሠርቷል። በዚያ ላይ እንባው እኩል አይዘረጋም።"

"ስንት ቀን ነው?"

"ቀን አይደለም፤ ወራት ነው። ይሻላል፣ ግን ይቆያል።" ሰው ሠራሽ እንባ ጻፈችልኝና ማስጠንቀቂያዋን ጀመረች፤ አቧራ የለም፣ ጭስ የለም፣ ንፋስ የለም። ውሃ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ። ማሸት ደግሞ ፈጽሞ። በቀዳዳው በኩል ጀርም ከገባ ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ ድንገት አስታውሳ፣ "ሥራዎ ምንድን ነበር?" አለችኝ።

ባለቤቴ ነው የመለሰላት። "በርበሬ እንፈጫለን" አላት።

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች።

ወደ ደብረ ብርሃን ስንመለስ ባለቤቴ አንድ ሐሳብ አመጣ። በርበሬ የሚፈጨው ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ይሁን፤ በሌላው ቀን እህል። እንዳለውም አደረገ። በጋራው ግድግዳ ላይ ያለውን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፈው። ከመኖሪያው ወደ ወፍጮ ቤቱ የሚወስደውን በር በወፍራም ላስቲክ ሸፍኖ በምስማር መታው። እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ። መስኮቱን ዘግቼ፣ መጋረጃውን ጥዬ፣ የበሩን ሥር በእርጥብ ፎጣ ደፍኜ ተቀመጥኩ። ማክሰኞና ዓርብ ሞተሩ በግድግዳው በኩል ሲንቀጠቀጥ አልጋዬ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ሽታው ግን ላስቲክም ጨርቅም አያግደውም። ትንሽ ቆይቶ ይመጣል፤ መጀመሪያ በጉሮሮዬ፣ ከዚያ በዓይኔ።

በሌላው ቀን ልውጣ ብል ደግሞ የደብረ ብርሃን ንፋስ አለ። ያን ንፋስ ያደግሁበት ነው፤ ነጠላዬን አጣፍቼ አልፌው እሄድ ነበር። አሁን ከደጃፉ ሁለት እርምጃ ሳልራመድ ዓይኔን ጨፍኜ ግድግዳ እየዳበስኩ እመለሳለሁ። የሚገርመው፣ ሞራ ሳለብኝ እንዲህ ዳብሼ አላውቅም። ያኔ ሳላይ እሄድ ነበር፤ አሁን ማየት እየቻልኩ ዓይኔን መግለጥ አልቻልኩም። የጓዳውን ጣሪያ የቆርቆሮ ሚስማሮች በሙሉ ለየኋቸው። የቱ እንደዛገ፣ የቱ እንደተጣመመ አውቃለሁ። ሌላ የማየው ነገር አልነበረኝም።

ባለቤቴ ሥራውን ሲጨርስ ወደ ጓዳ አይገባም። ግቢው ውስጥ ልብሱን አውልቆ አራግፎ፣ ፀጉሩን በዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ፣ ሌላ ልብስ ለብሶ ነው የሚገባው። ሲገባ ከንፈሩ ጠቁሮ ይንቀጠቀጣል። ቢሆንም ከጥፍሩ ሥር የማይወጣ ቅላት ስላለ እጄን አይዘኝም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጁን ከጉልበቱ መሐል ደብቆ ያወራኛል።

አንድ ሐሙስ ቀን ንፋሱ ዝም ብሎ ነበር። ፀሐይ ልሙቅ ብዬ ግቢ ወጥቼ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ሞተሩ እየሠራ ነው፤ ስንዴ ነው ብዬ ነው። ትንሽ እንደቆየሁ የማውቀው ሽታ መጣ፤ ለመነሣት እንኳ ፋታ አልሰጠኝም። ዓይኔ ውስጥ ፍም የጨመሩብኝ መሰለኝ። እጄ በራሱ ወደ ዓይኔ ሲሄድ "ማሸት ፈጽሞ" ያለችኝ ትዝ አለኝ። ሁለት እጆቼን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ጮህኩ። ባለቤቴ ሞተሩን አጥፍቶ ሮጦ መጣ። በእጁ በርበሬ ስላለ ሊነካኝ አልቻለም። ከፊቴ ቆሞ፣ "ተነሺ፣ ተነሺ፣ ወደ ውስጥ ግቢ" ይለኛል። አላይም። ድምፁን ተከትዬ ገባሁ።

ሲመሽ ተጣላን። በትዳራችን እንዲያ ተጣልተን አናውቅም።

"ሐሙስ አይፈጭም ብለኸኝ ነበር" አልኩት።

"ሴትዮዋ እሑድ ልጇን ትድራለች። የምትፈጨው ሦስት ኪሎ ነው። ሃያ ዓመት ደንበኛችን ናት፤ ምን ብዬ ልመልሳት?"

"ሚስቴ ዓይኗ ታመመ በላት።"

"ዓይኗ ድኖ መጣ ብዬ እልል ያስባልኩት እኔ ነኝ!" አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አሁን ምን እንዳለሽ ለሰው ማስረዳት አቃተኝ። ያያል አይደል ይሉኛል። ያያል እላቸዋለሁ።"

በነጋታው ወንድሜ ጋ ደወልኩና ወደ አንኮበር ሄድኩ።

ወንድሜ እዚያው አንኮበር፣ ጎረቤላ ነው የሚኖረው፤ ቄስ ነው። ሚስቱ ሞቅ አድርጋ ተቀበለችኝ። "እትዬ፣ ይግቡ፤ ቤትዎ ነው" ብላ ቦርሳዬን ወሰደች። ልክ እግሬ ቤቱን ሲረግጥ ምድጃው ላይ የሚጤሰውን የባሕር ዛፍ እንጨት አየሁና ቆምኩ። ያለሁበትን ወንድሜ ቀድሞ ነግሯት ኖሮ ወዲያው ገባት። ሳትናገር እንጨቱን ከምድጃው አወጣች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከውጭ ባለው ዳስ ሥር ማብሰል ጀመረች።

በማግስቱ ማለዳ ጭጋጉ ከቆላው ወጥቶ ጎረቤላን ሸፈናት። ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ይማረራል። እኔ ደጅ ቆምኩ። ጭጋጉ ፊቴ ላይ ሲያርፍ ዓይኔ ውስጥ ያለው ማቃጠል ቀስ እያለ ረገበ። ዓይኔን ገለጥኩት፤ አልቆረቆረኝም። የሚታይ ነገር አልነበረም፣ ሁሉ ነጭ ነው፤ ግን ዓይኔ ክፍት ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ በደስታ አለቀስኩ። የወንድሜ ሚስት ሮጣ መጥታ፣ "እትዬ፣ ጭሱ ደረሰብዎት?" አለችኝ።

ጎረቤቶች ሊጠይቁኝ ሲመጡ አንዲት አሮጊት፣ "ለምን ጠበል አትጠመቅም? ዓይኗ ላይ ይርጩላት" አሉ። ፈራሁ። እንቢ ብል የቄስ እህት እምነት የላትም ይባላል፤ እሺ ብል የሐኪሟ ቃል አለ። ወንድሜ ቀና አለና፣ "ጠበሉን ትጠጣለች። ዓይኗን ግን አታስነካም፤ ቁስል ነው። እግዚአብሔር በሐኪሟ እጅ የጀመረውን እኛ አናፈርስም" አላቸው። ነገሩ በዚያ አለቀ።

ሦስት ሳምንት ተቀመጥኩ። ፀሐይ በወጣ ቀን ይብስብኛል፣ ጭጋግ በወረደ ቀን ይሻለኛል። ግን ያ ጭጋግ የወንድሜን ሚስት አሠቃያት። እርጥብ እንጨት እንቢ ሲላት፣ አጎንብሳ ስታናፋ፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆኖ እያየሁ እውላለሁ። መሳል ጀመረች። አንድ ጠዋት አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ፣ "የኔ እናት፣ ለኔ ብለሽ አትታመሚ። ውስጥ አብስዪ፤ እኔ ደጅ እቆያለሁ" አልኳት።

"ኧረ ምንም አልሆንኩም።"

"እየሳልሽ ነው።"

ማሰሮውን አማሰለች። "እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ደክሞኛል። ግን ይሂዱ አልልዎትም፤ የት ይሄዳሉ?"

ቅር ሳትሰኝ ነው ያለችኝ። የት ይሄዳሉ የሚለው ግን ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። የራሴ ቤት ያቃጥለኛል። የወንድሜን ቤት ደግሞ እኔ እያቃጠልኩት ነው። ልጆቼ ጋ ልሂድ ብል እዚያም ሌላ ጓዳ ነው።

በዚያው ሳምንት ባለቤቴ መጣ። ከወንድሜ ጋር ትንሽ ከተጫወተ በኋላ ወደ ደጅ ጠራኝ። "የበርበሬውን ወፍጮ ነቀልኩት" አለኝ።

"ምን አልክ?"

"ለሌላ ሰው ሰጠሁት። ጣጣው አልቋል። ነይ ቤትሽ ግቢ።"

ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ሥራው ብቻ አልነበረም፤ ስሙም በዚያ ወፍጮ ነበር። "ማን አድርግ አለህ?" አልኩት።

"ማንም። ባዶ ቤት እየገባሁ መታጠብ ሰለቸኝ" አለና ዞር ብሎ ገደሉን ያይ ጀመር።

አብሬው ተመለስኩ። ወፍጮው የነበረበት ቦታ ሲሚንቶው ላይ አራት የብሎን ቀዳዳ ቀርቶ አየሁ። የመጀመሪያው ቀን ደህና አለፈ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ንፋሱ ሲነሣ ቆርቆሮው ተንቀሳቀሰ፤ ዓይኔ እንደዚያ ሐሙስ ነደደ። ወፍጮ የለም፣ በርበሬ የለም፤ ግን ነደደ። ባለቤቴ ግራ ገብቶት መሰላል አቁሞ ማገሩን በጣቱ ነካና አየው። ቀይ ነው። ሠላሳ ዓመት የተነሣው ብናኝ ወራጁ ላይ፣ ማገሩ ላይ፣ የጭቃ ምርጉ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ግድግዳውን በእጁ ሲመታው ብናኙ ተነሣ። ቤቱ ራሱ በርበሬ ሆኗል።

እዚያው መሰላሉ ላይ ተቀመጠ። እኔ በጨርቅ ተሸፍኜ ከታች ቆሜያለሁ።

"እንሽጠው?" አልኩት።

"ማን በርበሬ ቤት ይገዛል?" አለኝ።

ከሁለት ቤት ወዲያ ያለች ጎረቤታችን አንድ ክፍል ሰጠችኝ። ባለቤቴ ቤቱን መፋቅ ጀመረ። ሠራተኛ ቢቀጥርም በመጀመሪያው ቀን እያስነጠሰ ሄደ። ብቻውን ፋቀው። ምርጉን እስከ እንጨቱ አነሣው፣ ወራጁን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለው፣ ከዚያ ጭቃና ጭድ አቡክቶ እንደገና መረገው። ምሳ ሳደርስለት ከደጅ ሆኜ እጠራዋለሁ። ሲወጣ ሁለት ዓይኖቹ ደም መስለው፣ አብጠው፣ እንባው በጉንጩ ላይ ቀይ መስመር ሠርቶ ነው። አንድ ቀን በዚያ ዓይኑ እያየኝ፣ "እንዲህ ነው እንዴ የሚያደርግሽ?" አለኝ።

"እንዲህ ነው።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ አይደለም። አሁን አሁን እየቀነሰ ነው።"

እውነቴን ነበር። እየቀነሰ ነበር። ጠዋት ቆቤ መጣበቁን ተወ። ሐኪሟ አንድ የሚወጋኝን የስፌት ክር አወጣችልኝ፤ ከዚያ በኋላ የሚፍቀኝ ነገር ለዘበ። ሰው ሠራሽ እንባውን አሁንም በቀን ስድስት ጊዜ አደርጋለሁ፤ ሲያልቅ ደብረ ብርሃን ስለማይገኝ ሰው ከአዲስ አበባ ይልክልኛል። ወደ ታደሰው ቤት ገብተናል። ግድግዳው ገና የጭቃ ሽታ አለው። ባለቤቴ እህል ብቻ ይፈጫል፤ ያውም አንዳንድ ቀን ከሰዓት የሚያስፈጭ ሰው ስለማይመጣ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይውላል። የድሮ ደንበኞቻችን ሲያልፉ ሰላምታ ይሰጡታል፤ ኬሻቸውን ተሸክመው ወደ ሌላ ወፍጮ ነው የሚሄዱት። እኔ ከመስኮት አያለሁ፤ አሁን በደንብ አያለሁ።

ባለፈው ቀጠሮዬ ሐኪሟ የቀኝ ዓይኔን አይታ ተደሰተች። ከዚያ ግራውን አየችው። ደጋግማ ለካችው። የግራው ግፊትም ከፍ ብሏል፤ በእሱም የጀመረው ሞራ በስሏል። "እንደ ቀኙ አንድ ላይ ብንሠራው ይሻላል። ከዘገየን የሄደው እይታ አይመለስም" አለችኝ።

"አሸዋውም ይመለሳል?"

"ሊመለስ ይችላል። አሁን ግን ቀድመን እናዘጋጀዋለን፤ ጠብታውን እንቀይራለን፣ የዓይኑን ገጽ እናክመዋለን። እንደ መጀመሪያው ላይከብድ ይችላል።"

"ላይከብድ ይችላል" አልኩ። ባለቤቴን አየሁት። ከበሩ አጠገብ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል። አላየኝም፤ ወለሉን ነው የሚያየው። እንቢ ብል ግራ ዓይኔ ቀስ እያለ ይጨልማል፤ እሺ ብል ወደ ጓዳው፣ ወደ ፎጣው፣ ወደ ተዘጋው መስኮት እመለሳለሁ። ሦስተኛ መንገድ አለ እንዴ ብዬ ሐኪሟን ልጠይቃት ፈልጌ ነበር። ቢኖር ሳልጠይቃት ትነግረኝ ነበር።

"ፈሩ እንዴ እናቴ?" አለችኝ።

"አዎ፤ የቀዶ ሕክምናውን ቀን ያዢልኝ" አልኳት።